ከኮሶበር እስከ አቡሴራ

የእንጅባራ፣ በሌላ ስሟ የኮሶበር፣ ሰው በአውሮፕላን አዲስ አበባ መሄድ ሲያምረው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ለአዲስ አበባ ጀርባውን መስጠት ነው። ከተማዋ ያለችው በስተደቡብ፣ አውሮፕላኑ የሚነሳው በስተሰሜን። ስለዚህ ሻንጣውን ተሸክሞ መናኸሪያ ይመጣና የባሕር ዳር ሚኒባስ ይፈልጋል። አዲስ ቅዳም፣ ዳንግላ፣ ዱርቤቴ፣ ወተት አባይ፣ መራዊ እያለ 118 ኪሎ ሜትር ከሚሄድበት ከተማ ይርቃል። ከዚያ በኋላ ያለው በረራ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።

ሚኒባሱ ግን እንደ አውሮፕላን በሰዓት አይነሳም፤ የሚነሳው ሲሞላ ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ፋዘር ይግቡ፣ ሞልቷል!» ይላል። ሽማግሌው አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ቢያዩ ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎችና አንድ ኩንታል ድንች ናቸው።

«የቱ ጋ ነው የሞላው ልጄ?»

«እርስዎ ሲገቡ ይሞላል!»

ገቡ። አልሞላም። በዚህ መሐል ሌላ ጣጣ አለ፤ ትኬቱ ላይ 8:00 የሚለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይህን ሳያጣራ ስምንት ሰዓት ላይ ዘና ብሎ የሚደርስ መንገደኛ፣ አውሮፕላኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሄዶ ይጠብቀዋል። ባሕር ዳር በጊዜ ለመድረስ የፈለገ በዋዜማው ገብቶ ያድራል፤ የአልጋ ይከፍላል፣ የራት ይከፍላል፣ ወደ ጣቢያው ለሚያደርሰው ባጃጅም ይከፍላል። መንገዱ የተዘጋ ዕለት ደግሞ ይህ ሁሉ ሒሳብ ይቀርና ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ ትኬቱን ያያል።

ይህ ሁሉ የእንጅባራ ብቻ ዕጣ የሚመስለው ካለ አውሮፓን ይጠይቅ። ጀርመን ውስጥ ፍራንክፈርት ሃን የሚባል አውሮፕላን ጣቢያ አለ፤ ከፍራንክፈርት ያለው ርቀት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ራያንኤር የተባለው የአየርላንድ አየር መንገድ በርካሽ ትኬት «ፍራንክፈርት» ብሎ ተሳፋሪውን ያወርድበትና ቀሪውን ለአውቶቡስ ይተወዋል። ፓሪስ ቦቬም ከፓሪስ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እንግዲህ ዳንግላ ከባሕር ዳር 78 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ በፈረንሳይ ሒሳብ ከሄድን የባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ «ባሕር ዳር ዳንግላ» ተብሎ ቢጠራ የሚከለክል የለም። በጀርመን ሒሳብ ደግሞ እንጅባራም ድርሻ አላት። ልዩነቱ የሃን መንገደኛ ርካሽ ትኬት ስለገዛ መጉላላቱ ነው፤ የእንጅባራው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ይጉላላል።

እንጅባራ ሜዳ አጥታ አይደለም። ሜዳው ተይዟል፣ በፈረስ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር በሺህ የሚቆጠር ባለጌጥ ፈረስ ይሰለፋል፤ ለማኮብኮብም ለመነሳትም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ዳንግላም ብትሆን እንግዳ ለመቀበል አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1925 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተሾመው ቺስማን መቀመጫው እዚያ ነበር፤ ከዳንግላ እየተነሳ ጣናንና አባይን በበቅሎ ዞሮ መጽሐፍ ጽፏል። በቅሎ ቢያንስ ሞልቷል ብላ አትዋሽም።

ዋና ከተማዋ አዲስ አበባም ብትሆን ከአውሮፕላን ጣቢያዎቿ ጋር የኖረችው በመገፋፋት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከልደታ ነው። ጄት ሲመጣ የልደታ ማኮብኮቢያ አጠረና ቦሌ ተሠራ፤ ልደታም ሰፈሩን «አሮጌው አየር ማረፊያ» በሚል ስም አስጠርታ ቀረች። ቦሌ ያኔ ከከተማ ውጭ ነበር። ዛሬ አጥሩ ሥር ካፌ፣ ፎቅና የሠርግ አዳራሽ ተኮልኩሏል።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደግሞ ቀላል ባቡር መጣ፤ ከ31 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ። ሐዲዱ ልደታን አዳርሷል፤ በጦር ኃይሎች በኩልም ወደ አሮጌው ማረፊያ ተጠግቷል። ቦሌ ኤርፖርት ግን አይገባም። መንገደኛ የሚነሳበትን ትቶ ድሮ ይነሳበት የነበረውን የሚያዳርስ ባቡር ታሪክ ለሚወድ ሰው ደግ ነገር ነው። ሻንጣ የያዘው ግን ራይድ ይጠራል።

አሁን ተራው የቢሾፍቱ ነው። በጥር 2018 ዓ.ም. እዚያው አቡሴራ ላይ የአዲስ አውሮፕላን ጣቢያ ሥራ ተጀምሯል፤ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር፣ ማኮብኮቢያው አራት፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ። ምክንያቱም የሚያሳምን ነው። ቦሌ ጠብቧል፤ በዚያ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄደው አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ስለሚከብደው መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፤ ሲመለስ ግን ከዋሽንግተን ቀጥ ብሎ ይመጣል። ቢሾፍቱ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ስለሚል ይህ ችግር ይቀልለታል።

ከአውሮፕላን አውሮፕላን ለሚቀይረው ለናይጄሪያውና ለቻይናው ይህ ግሩም ነው። እሱ የአቡሴራን መንገድ ሳያይ ቡናውን ጠጥቶ ያልፋል፤ የአየር መንገዱ አብዛኛው ደንበኛም ይኸው ዓይነት ሰው ነው። መንገድ የሚያስፈልገው ለእንጅባራው ነው። ቦሌ ለሀገር ውስጥ በረራ ቢቀር የእሱ ጉዞ እንዲህ ሊሆን ነው፤ ሚኒባስ እስከ ባሕር ዳር፣ አውሮፕላን እስከ ቦሌ፣ ደግሞ መኪና እስከ አቡሴራ፣ ከዚያ ዋሽንግተን። ፈጣን መንገድና ባቡር በዕቅዱ ውስጥ እንዳሉ ተነግሯል። ካናዳ ውስጥም እንዲሁ ተብሎ ነበር። ሞንትሪያል እ.ኤ.አ. በ1975 ሚራቤል የሚባል ግዙፍ ጣቢያ ከከተማ ውጭ ከፍታ ዓለም አቀፉን በረራ ወደዚያ ወሰደች፤ የሀገር ውስጡን በአሮጌው ዶርቫል ተወች። የሚያገናኛቸው ባቡር ሳይሠራ ቀረ። መንገደኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲራወጥ ታከተውና እ.ኤ.አ. በ2004 የመጨረሻው ተሳፋሪ ከሚራቤል ወጣ፤ በኋላ ሕንፃውም ፈረሰ።

አቡሴራን ከሚራቤል የሚለየው ሸኚ ነው። በ110 ሚሊዮኑ ሒሳብ ውስጥ የገባው መንገደኛ ብቻ ነው። ከዳንግላ አንዲት ልጅ አሜሪካ ስትሄድ ግን የምትሄደው እሷ ብቻ አይደለችም። እናት አለች፣ አባት አለ፣ አክስት ነጠላዋን አጣፍታ አለች፣ አዲስ አበባ ያሉ የአጎት ልጆች አሉ፣ ንስሐ አባትም አይቀሩ። አምስት ሊትር የዳንግላ ማር በጄሪካን ይዘዋል፤ በእጅ እንደማይገባ የሚነገራቸው በር ላይ ሲደርሱ ነው። ቦሌ ላይ ይህ ሁሉ ሰው ውጭ ቆሞ አልቅሶ፣ ማሩን ተከፋፍሎ በታክሲ ይበተናል። ለአቡሴራ ግን ቅጥቅጥ መከራየት የግድ ሊሆን ነው። ሹፌሩ ከአስራ አራቱ ሸኚ መሐል ታላቁን መርጦ ይጠጋቸዋል፦

«አባባ፣ መመለሻውን ትከፍላላችሁ ወይስ እዚያው ጥያችሁ ልምጣ?»