ኒውፖርት ድረስ ሄደው ባንዱን ሳይሰሙ የመመለስ ጥበብ

በአሜሪካዋ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ባሕር ዳር በሚገኘው ፎርት አዳምስ በተባለ አሮጌ ምሽግ ግቢ ውስጥ፣ በየዓመቱ በሐምሌ ወር የኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ይካሄዳል። ጆርጅ ዊን እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረው ይህ ዝግጅት ሦስት ቀን ይቆያል፤ በቀን የሚያስተናግደውም 10,000 ገደማ ሰው ብቻ ነው። ጊታርና ኅብረ ዜማ የሚበዛበትን ኢንዲ ፎክ ለሚወድ ሰው ከዚህ የሚሻል ቦታ ማግኘት ይቸግራል። እዚህ ድረስ መጥቶ ቀኑን ማበላሸት የራሱ ሙያ ይጠይቃል። ፍሊት ፎክሲስ የተባለውን ባንድ ለማየት ለተነሣ አድናቂ የሚከተለው ምክር ይጠቅመዋል።

ትኬት ለመግዛት አይቸኩል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና እነማን እንደሚዘፍኑ እስኪታወቅ ይጠብቅ። የኒውፖርት ትኬት ብዙ ጊዜ የአንድም ዘፋኝ ስም ሳይነገር ተሽጦ ያልቃል፤ ሰዉ የሚገዛው ፌስቲቫሉን አምኖ ነው። ይህ የየዋሆች አሠራር ነው። ጠንቃቃው አድናቂ የባንዱን ስም በዓይኑ ካየ በኋላ ከአትራፊ በእጥፍ ይግዛ።

ምሽጉ ያለው ውሃ በከበበው መሬት ጫፍ ላይ ስለሆነ አዘጋጆቹ በጀልባ ወይም በብስክሌት መምጣትን ይመክራሉ። እሱ ግን መኪና ተከራይቶ ለብቻው ይንዳ። መንገዱ ተዘግቶ ሲቆም ጥሩንባውን ደጋግሞ ቢነፋ ለፎክ ሙዚቃ የራሱን አስተዋጽኦ አደረገ ማለት ነው። ጀልባቸውን ከምሽጉ ፊት ለፊት አቁመው፣ ትኬት ሳይቆርጡ ከውሃው ላይ የሚያዳምጡ ሰዎች አሉ፤ በዚያ ሰዓት ከእሱ የተሻለ የሚሰሙት እነሱ ናቸው።

የሲያትሉ ፍሊት ፎክሲስ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ2008 ነው። አድናቂው እዚያው 2008 ላይ ይቁም። ሁለተኛው አልበም በ2011 ወጣ፤ ከዚያ መሪው ሮቢን ፔክኖልድ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተማሪ ሆነ፤ ሦስተኛው፣ ‹ክራክ አፕ›፣ የመጣው ከስድስት ዓመት ዝምታ በኋላ በ2017 ነበር። ባንዱም በቀጣዩ ወር ኒውፖርት መድረክ ላይ ወጣ። በአልበሙ ላይ ዘጠኝ ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ መልኩን እየቀያየረ የሚሄድ ዘፈን አለ። እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ ማዳመጥ አደጋ አለው፤ ሰውዬው ሊወደው ይችላል። ሳያዳምጥ ከሄደ ግን ዘፈኑ እየሳሳ ሲሄድ ያለቀ መስሎት ያጨበጭባል። ከበሮ መቺው ጆሽ ቲልማን የት ገባ ብሎም ጎረቤቱን መጠየቅ ይችላል። ቲልማን በ2012 ከባንዱ ወጥቶ ፋዘር ጆን ሚስቲ በሚል ስም የራሱን መንገድ ይዟል።

ዋናው ሙያ የሚታየው የባንዱ ዘፈን ‹ዋይት ዊንተር ሂምናል› ሲጀመር ነው። ዘፈኑ የሚከፈተው ያለ መሣሪያ ነው፤ አንድ ድምፅ ይጀምራል፣ ያንኑ ቃል ሌላው ይቀበላል፣ ሌላውም ይደርባል፣ ከዚያ ነው ከበሮው የሚገባው። ውበቱ ያለው በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ነው። ስለዚህ አድናቂው ስልኩን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ያንሣ፤ ከኋላው ያለችው ሴት መድረኩን በእሱ ስልክ መስኮት አሻግራ ትይ። ሁለተኛው ድምፅ ሲገባ «ሮቢን፣ እንወድሃለን!» ብሎ ይጩህ። ሦስተኛው ሲገባ ምሳ የት እንደሚሻል ከጓደኛው ጋር ይማከር። ማታ ቪዲዮውን ሲከፍተው ስለ ሳንድዊች የተደረገ ውይይት፣ ከጀርባውም ራቅ ያለ መዝሙር መሰል ነገር ያገኛል።

ባንዱ አዲስ ሥራ ካቀረበ ይቆጣ። ለዚህ የተከበረ ታሪክ አለ። ቦብ ዲላን በሐምሌ 1965 በዚሁ ፌስቲቫል (ያኔ የሚካሄደው ከተማዋ ውስጥ በሌላ ሜዳ ነበር) ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ ከታዳሚው ከፊሉ ጮኸበት። የጩኸቱ ምክንያት ጊታሩ ይሁን የድምፁ ጥራት ወይስ የዝግጅቱ ማጠር እስካሁን ያከራክራል። አድናቂው ግን ምክንያት መፈለግ የለበትም።

በመጨረሻ፣ የመጣበት ባንድ ሲጨርስ ይውጣ። የማያውቀውን ዘፋኝ፣ በተለይ ትናንሾቹን መድረኮች፣ ዞር ብሎ አይይ። እሑድ ማታ ‹እገሊትና ጓደኞቿ› የሚል መርሐ ግብር ካነበበ ደግሞ ጓደኞቿ እነማን እንደሆኑ ሳይጠይቅ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ወደ መኪናው ይሩጥ። ሐምሌ 2022 ላይ ዘፋኟ ብራንዲ ካርላይል እንዲህ ባለ ማስታወቂያ መድረክ ላይ ወጥታ ነበር። «ጓደኛዋ» የ78 ዓመቷ ጆኒ ሚቼል ሆና ተገኘች፤ በ1960ዎቹ በዚሁ ፌስቲቫል የዘፈነች፣ በ2015 ደግሞ የአንጎል የደም ሥር ሕመም አጥቅቷት መናገርና መራመድን እንደገና የተማረች ሴት። ጊታር ሳይቀር አንሥታ ተጫወተች። ቀድሞ የወጣ ሰው ብዙም አልተጎዳም፤ ዝግጅቱ በ2023 በአልበም ታትሟል፣ በቀጣዩ ዓመትም በፎክ ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። ገዝቶ ቤቱ ያዳምጠው።