ሥራ የሚያቀላጥፈው ባልደረባችን

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት የሚጀምረው ሥራውን ሳይሆን ሥራ የሚያቀላጥፍለት ሶፍትዌር ፍለጋ ነው። ሰኞ ትሬሎን ይከፍትና ያለበትን ሥራ ሁሉ «የሚሠሩ»፣ «በመሠራት ላይ ያሉ»፣ «ያለቁ» ብሎ በሦስት ዓምድ ይደረድራል። ማክሰኞ ኖሽን ይበልጣል የሚል ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ያይና ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያ ይሰደዳል። ረቡዕ በድሮ ፎንት የተተየበውን ሪፖርት ወደ አዲሱ ቤቱ ሲገለብጥ አማርኛው የላቲን ምልክት ሆኖ ቁጭ ይላል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ፋይሎች ግን ዜናውን ገና አልሰሙም። ሐሙስ ኢንተርኔት የለም። ዓርብ አለቃው «የት ደረሰ?» ሲሉት፣ «ሲስተሙን ጨርሻለሁ፣ ሥራው ብቻ ነው የቀረው» ይላል። እውነቱን ነው። «ያለቁ» በሚለው ዓምድ ሥር አንዲት መስመር አለች፤ እሷም «ዓምዶቹን ማዘጋጀት» ትላለች።

ጊዜ አጠቃቀም ላይም የሚታማ አይደለም። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መገባደጃ፣ ተማሪ ሳለ፣ ማጥናት ቢያቅተው የቲማቲም ቅርጽ ያላት የወጥ ቤት ሰዓት እየሞላ መሥራት ጀመረ፤ 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ እረፍት። ለእሱ አንዲት ሰዓት በቃችው። የእኛው ሰው ግን አፕ ያማርጣል። የአንዱ ደወል ያስደነግጠዋል፣ የሌላው ቀለም ዓይኑን ይወጋዋል። ሥራው ሰዓት እስኪመረጥለት ይጠብቃል። እረፍቱ ግን ያለ አፕም ይከበራል፤ ቡና ሊጠጣ ሲወርድ አምስቷ ደቂቃ ለምሳ ትደርሳለች።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ድሮ ተቀምጠው የሚጠብቁትን መሣሪያዎች ግን ዞር ብሎ አያያቸውም። አንዱን ብቻ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ኮፒ ፔስትን። ላሪ ቴስለር ከባልደረባው ከቲም ሞት ጋር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሲሠራው፣ የብዙ መሥሪያ ቤት ዓመታዊ ሪፖርት ደራሲ ሆኖ እንደሚቀር አላወቀም። ዓመተ ምሕረቱ ይቀየራል፣ «የታዩ ክፍተቶች» የሚለው ምዕራፍ እንዳለ ይገለበጣል።

በቅርቡ በመዋቅር ለውጥ ቢሮው ባለሥልጣን ተባለ። በሪፖርቱ ውስጥ ያለው «ቢሮ» ሁሉ «ባለሥልጣን» መሆን ነበረበት። ባልደረባችን ማውሱን ይዞ አንድ በአንድ እያጠፋ እየጻፈ ሲያልበው፣ የክፍሉ ጸሐፊ አዩትና አዘኑለት። መጡና ኮንትሮልን ከኤች ጋር ተጫኑ፤ ምን በምን ይተካ የሚል ትንሽ ሳጥን ብቅ አለ።

«እንዴ እትዬ! ይሄን ከየት አወረዱት?»

«ምኑን አወርደዋለሁ፤ እዚሁ የነበረ አይደል? በል፣ እያንዳንዱን እያየህ ተካ።»

ጸሐፊዋ ወደ ደብዳቤያቸው ተመለሱ። እሱ ግን እያዩ መተካት ጊዜ ማባከን መስሎ ታየውና «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ተጫነ። በአንድ አፍታ አለቀ። ያን ዕለት ማንም በፍጥነት አልደረሰበትም። ሪፖርቱ ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ግልባጩ ለሚመለከታቸው ሁሉ ተላከ። ገጽ ሦስት ላይ የዓመቱ ቀዳሚ ዓላማ በደማቁ ሰፍሯል፦ «ባለሥልጣንክራሲን ከሥር መሠረቱ ማስወገድ»።

እሱ አሁን የፊደል ስህተት የሚያርም ሶፍትዌር እያፈላለገ ነው። ከሚመለከታቸው አካላት ግን እስካሁን ይታረም ያለ የለም፤ እንዲያውም ከአንዱ ክፍል «ዓላማው ወቅታዊ ነው» የሚል መልስ መጥቷል።