አሚን የሚል ጠፋ

ይድረስ ደጎሎ ላላችሁ ቤተሰቦቼ በሙሉ፤

እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆታችሁና ከፍራንክፈርት ብርድ በስተቀር ደኅና ነኝ። እታለም፣ መቼም የምታነቢላቸው አንቺ ነሽ፤ እባክሽ ከራስሽ አትጨምሪ። ባለፈው «ከስቻለሁ» ያልኩ አስመስለሽ እማዬን አስለቀስሻት። ወፍሬያለሁ።

አባባ፣ «በልቶ የሚያመሰግነውን ባሪያ አላህ ይወደዋል፤ ሳታመሰግን እንዳትነሳ» ያሉኝን አልረሳሁም። ግን በእሱ የተነሳ እዚህ ጉድ ፈልቷል። የሥራ ባልደረቦቼ ምግብ ቤት እንሂድ ብለውኝ ሄድን። (እማዬ፣ አትስጊ፤ የሥጋው እርድ የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ዓሣ ነው የበላሁት።) ስንጨርስ እንደ ልማዳችን ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ላበላን፣ ላጠጣን፣ ሙስሊም ላደረገን ጌታ ምስጋናዬን አደረስኩ። እዚያው ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን የአባባ ልጅ አይደለሁ? የጋባዡ ዱዓ ይቀራል እንዴ ብዬ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንዳደረጉት «ያበላንን አብላው፣ ያጠጣንን አጠጣው» አልኩ። ከዚያማ ማን ያቁመኝ! በረቱ ይሙላ፣ ማጀቱ አይጉደል፣ ዋልካው ጤፍ ያብቅል...

ጤፉ ሳይታጨድ መዳፌ ላይ አንድ ነገር ዱብ አለ። ዓይኔን ስገልጥ ሒሳብ! አስተናጋጁ እጄን ዘርግቼ ሲያየኝ ሒሳብ የጠየቅሁ መስሎት አስቀምጦልኝ ቆሟል። «በአንድ ላይ ነው በየግል?» አለ፤ እዚህ አገር የተለመደ ጥያቄ ነው። ሁሉም በአንድ አፍ «በየግል!» አሉ። ድንች የበላ ድንቹን፣ ውሃ የጠጣ ውሃውን።

ታዲያ ያን ሁሉ በረት ለማን ነው የለመንኩት? አጠገቤ ያለው «ምን ሆነሃል?» ቢለኝ «ጋባዣችንን እየመረቅሁ ነው» አልኩት። «ማነው ጋባዡ?» ብሎ ኪሱን ጥርቅም አድርጎ ያዘ።

ዱዓው ሜዳ ላይ ከሚቀር ያበሰለውን ልመርቅ ብዬ አብሳዩን አስጠራሁ። ስሞታ መስሏቸው ኖሮ አስተናጋጁ ፊቱ ቀላ። አንዲት ግዙፍ ሴት እጇን በሽርጧ እየጠራረገች፣ ለጠብ ተዘጋጅታ መጣች።

«ዓሣው ምን ሆነ?»

«ምንም። እጅሽ ይባረክ፤ ልጆችሽ ይደጉልሽ።»

«ልጅ የለኝም።»

«ይስጥሽ።»

አባባ፣ ሴትዮዋ ስድሳ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። እሷ ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ወዲያው ሒሳብ ላይ ያልተጻፈ ትልቅ ኬክ ላከችልኝ። ከዚያ ወዲህ ባልደረቦቼም በልተው ሲጨርሱ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ሰለሙ እንዳትሉ፤ ኬክ ጥበቃ ነው።

ቤቴ ስበላ ግን ብቻዬን ነኝ። «አልሐምዱሊላህ» ስል ድምፄ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል። እዚያ አባባ ቃሉን ሳይጨርሱ ከወዲህም ከወዲያም «አሚን!» ይባላል፤ ክርስቲያኗ ጎረቤታችን እትዬ ሳትቀር፣ እንዲያውም እሷ ናት የምትቀድመው። እሱ ትዝ ሲለኝ እህሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ደግነቱ ማቀዝቀዣው አንዳንዴ «እምምም» ይላል፤ አሚን ብዬ ቆጥሬለታለሁ። እታለም፣ «ያንተ እጅ የሚዘረጋው ለሁለተኛ እንጀራ ነው» ትይኝ የነበረውን አሁን ማቀዝቀዣው ይመስክርልኝ።

አባባ፣ ዱዓዎን ያሳጥሩ አልልም። የከላላው እንግዳ የመጣ ጊዜ ቡናው ስንቴ እንደተሞቀ እማዬ ታውቃለች፤ እኔ አልናገርም።

አንድ ነገር ብቻ አስቸግራችኋለሁ። የሚመጣ ሰው ስታገኙ በርበሬ ላኩልኝ። እስከዚያው ሁላችሁም ከገበታው ሳትነሱ «አሚን» ብላችሁ በስልክ ቅዱልኝ። እትዬም ትኑርበት። ወንድሜ ግን መጀመሪያ አፉ ውስጥ ያለውን ይዋጥ።