ጓዝና ፊደል

የመንግሥት ሠራተኛ የዝውውር ደብዳቤ የሚደርሰው ለምን ሁልጊዜ የትምህርት ዘመኑ ወገብ ላይ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። የባለቤቴም የመጣው የስድስት ዓመቷ ልጃችን ኬጂ ሁለትን ገና ስታጋምስ ነው። ከሰቆጣ ወደ ባሕር ዳር፣ «በአስቸኳይ»። ክሊራንስ የሚፈርሙት ሰዎች ግን ይህች «በአስቸኳይ» የምትባለው ቃል የደረሰቻቸው አይመስሉም። እኛ ደግሞ ከደብዳቤው በላይ ቸኩለን የልጅቱን መሸኛ ከትምህርት ቤት አውጥተናል። ከዚያ ፊርማው ሲገኝ መኪና ይጠፋል፤ መኪናው ሲገኝ መንገዱ አያስኬድም ይባላል። ሚጡ መሸኛዋን ይዛ ቤት ተቀመጠች።

«እንግዲህ አንተ ታስተምራታለህ» አለች ባለቤቴ።

«እኔ እኮ የተማርኩት ዕፅዋት ሳይንስ ነው።»

«ይኸው፣ ሳይንስ ነው» ብላኝ ብርጭቆዋን መጠቅለል ቀጠለች።

ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ስልክ ላይ ደስታውን አልቻለውም። ሆምስኩል ማለት ይኼ ነው፣ አሜሪካ በሃምሳውም ግዛት የተፈቀደ ነው፣ ሥርዓተ ትምህርቱን በኢንተርኔት አውርድ አለኝ። ያላወቀው የትኛው ኢንተርኔት እንደሆነ ነው። ጀርመን ያለችው የአጎቴ ልጅ ደግሞ ደነገጠች፤ እዚያ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ማስተማር ክልክል ነው። ለዋግ ሰው ግን ነገሩ ብርቅ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት የአገሩ ትምህርት ቤት ሁሉ ሲዘጋ፣ ኋላም ጦርነቱ ሲመጣ፣ ስንቱ ልጅ ፊደሉን የቆጠረው እናቱ ምድጃ አጠገብ ነው። ደግሞስ ተፈሪ መኮንን ሐረር ሳሉ ከአባ ሳሙኤልና ጓዴሎፕ ከምትባል ደሴት ከመጡት ሐኪም ከዶክተር ቪታሊየን የተማሩት አባታቸው ቤት አይደለም? ይህን ለሚጡ በኩራት ነገርኳት።

«እሳቸውም ቤት እየቀየሩ ነበር?»

ኋላ ወደ ትልቅ ቤት ቀይረዋል አልኳት።

የክፍለ ጊዜውን ሰሌዳ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። በማግስቱ ፍሪጁ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በገመድ ታሰረ። ጠረጴዛው ተሸጧል። ጥቁር ሰሌዳችን የካርቶን ጎን፣ ጠመኔያችን ማርከር ሆነ፤ መቼም ካርቶን ላይ መጻፍ ካልቀረ አይቀር ብዬ የጓዙን ምልክት የምትጽፈው እሷ እንድትሆን ወሰንኩ። «መ» ብላ ጻፈች፤ መጽሐፍ፣ መጥበሻና መስታወት አብረው ገቡ። ፊደል ጠንቅቃለች፤ ቅሬታውን ለእናቷ ትቻለሁ። «ሰ» ላይ ስንደርስ ነው ጉድ የፈላው። ለምን ሁለት እንደሆኑ ጠየቀች። አንደኛው ንጉሡ ሠ፣ ሌላው እሳቱ ሰ ይባላሉ፣ ድምፃቸው ዛሬ አንድ ነው አልኳት። ጥቂት አሰበችና ሥራ ፈት ፊደል ቤቷ እንደማይኖር አስታወቀች፦ ንጉሡ ሠ የሚሰበር ዕቃ ላይ፣ እሳቱ ሰ የማይሰበር ላይ።

«ለምን እንደዚያ?»

«ንጉሥ አይወረወርማ!»

ስንት ሊቅ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ ብሎ ሲሟገት ኖሯል። ሥራ ልስጣቸው ያለ ሰው መኖሩን አልሰማሁም።

ሒሳብ የተማርነው በማር ነው። ከሰቆጣ የሚዛወር ሰው ያለ ማር ባሕር ዳር ቢገባ ዘመድ አያስገባውም፤ ነጩ የዋግ ማር ከእኛ በፊት ስሙ ደርሷል። ጀሪካኖቹን ደርድሬ «ለአያትሽ 3 ኪሎ፣ ለአክስትሽ 2፣ ለክርስትና እናትሽ 1፤ ስንት ይሆናል?» አልኳት።

«ማነው የሚመዝነው?»

«ሻጩ ነዋ።»

«እንግዲያው ከ6 ያንሳል።»

ሙሉ ማርክ ሰጠኋት። እናቷ ገበያ ይዛት የምትሄደው ለካ ለዘንቢል መያዣ ብቻ አይደለም።

ምሳ ሰዓት ሌላ ጦርነት ነው። በሐምሌ 2007 መንግሥት በ2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር አጠፋለሁ ብሎ የገባው ቃል የተሰየመው በዚህችው ከተማ ስም ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። ይህን እያወራሁ ሽሮ ላጎርሳት ስል አፏን ገጥማ ታየኛለች። «እኔ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ቃል ኪዳኑ እኔን አይመለከትም» አለች። ከሁለት ዓመት በታች የምትለዋን ሐረግ ምን አናገረኝ?

ቋንቋ የኔ ክፍል አልነበረም። የግቢያችን እማማ ጥጥ እየፈተሉ ኽምጣና ያስተምሯታል። ኽምጣና በዋግ ኽምራ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በግዕዝ ፊደል ተጽፎ የሚሰጥ ነው፤ እኔ ግን እዚህ ስኖር ከሰላምታ አላለፍኩም። እማማ ስለ መሄዳችን ሲነሳ እንዝርታቸውን ያቆማሉ። «አንተ ልጄ፣ ይህችን ቆርጠህ ወስደህ እዚያ ከማን ጋር ልታወራ ነው?» መልስ የለኝም። ሚጡ እንደሆነች ቁጥሩን ካወቀችበት ወዲህ ካርቶኖቹን የምትቆጥረው በኽምጣና ብቻ ነው። ባለቤቴ ስንት ካርቶን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ልጅሽን ጠይቂ» እላለሁ፤ ልጅቱ ትነግራታለች፤ ሁለታችንም አንሰማም። የጓዛችን ልክ በአሁኑ ሰዓት የሚታወቀው በእማማና በእሷ መካከል ነው።

ጂኦግራፊውን መንገዱ ሰጠን። ከሰቆጣ ላሊበላ፣ ጋሸና፣ ንፋስ መውጫ፣ ደብረ ታቦር፣ ወረታ፣ ባሕር ዳር፤ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ታወርደዋለች። አንድ ቦታ ብቻ ታቆመኛለች፦ ንፋሱ በዚያ ከወጣ በየት ነው የገባው? የስፖርት ክፍለ ጊዜ ደግሞ ሻደይ ነው። በዓሉ ነሐሴ 16 ነው፣ ገና ብዙ ይቀራል ብላት፣ ባሕር ዳር ሻደይ ከሌለ እኔ ነኝ የማስጀምረው ብላ ባዶው ሳሎን ውስጥ ወገቧን በሻሽ አስራ ትጨፍራለች። ባዶ ቤት ያስተጋባልና አጨብጫቢ አላጣችም።

ለታሪክ ትምህርት ከከተማው ብዙም ወደማይርቀው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ወሰድኳት። ከአለት የተፈለፈለውን ቤተ ክርስቲያን፣ ዓምዱን፣ ፊት ለፊቱን ላሳያት ነበር ሐሳቤ። እሷ የሰማችው ግን እዚያ የጥንት የዋግ ሹሞች ናቸው የሚባልላቸው አስከሬኖች በሳጥን ተቀምጠው መኖራቸውን ብቻ ነው።

«ሳጥን ውስጥ?»

«አዎ።»

«እነሱም ተዛውረው ነው?»

አጠገባችን የነበሩት ቄስ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «እነሱስ ክሊራንሳቸውን ጨርሰዋል፣ ልጄ» አሏት።

አይሱዙው አንድ ቀን ንጋት ላይ ሳይታሰብ መጣ። የጎረቤት ሰው ሁሉ ወጥቶ አንዱ ምጣድ፣ አንዱ ፍራሽ ይሸከማል፤ እማማ ለመንገድ ዳቦ ይዘው ቆመዋል። የሹፌሩ ረዳት እላይ ላለው ጓደኛው ካርቶን እየወረወረ ያቀብል ጀመር። ሚጡ ሮጣ ከፊቱ ተገተረች።

«ይኼ ምን ይላል?»

«ሰ ይላል፣ እሙዬ።»

«የትኛው ሰ?»

ረዳቱ ወደ እኔ አየ፤ እኔ የማስረው ገመድ ነበረኝ። ካርቶኑን ጆሮው ላይ አድርጎ ነቅነቅ ሲያደርገው ከውስጥ ብርጭቆ ተንኳኳ።

«ንጉሡ... ነው መሰለኝ?»

«ጎበዝ» አለችው። «በል ቀስ አድርገህ አቀብል።»