ገበና በ650 ቃል

ልጅዎ አሜሪካ ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊገባ ከሆነ፣ ውጤቱም ከላይ እስከ ታች ኤ ከሆነ፣ ከአሁኑ ይዘኑ። ኤ የሌለው ማን አለ? ሀርቫርድ በ2028 እ.ኤ.አ. ለሚመረቀው ክፍል ካመለከቱት 54,008 ልጆች የተቀበለው 1,937ቱን ነው፤ ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም። የቀሩት ሃምሳ ሁለት ሺህ ሰነፎች ነበሩ የሚል ካለ የዋህ ነው። የጎደላቸው መከራ ነው። መከራውስ ቢኖራቸው አሳምረው መቁረጥና መስፋቱን አላወቁበትም።

ልኩ ደግሞ የታወቀ ነው። ኮመን አፕ የሚባለው፣ ከሺህ በላይ ኮሌጆች የሚጋሩት የማመልከቻ ቅጽ፣ ለዋናው ድርሰት የሚፈቅደው ቢበዛ 650 ቃል ነው፤ ከ250 ያነሰም አይቀበልም። ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች አንዱ የገጠመህን ፈተና ወይም ውድቀት፣ ከዚያም የተማርከውን ንገረን ይላል። እንግዲህ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ እስከ ጃንዋሪ፣ ወድቆ፣ ተነሥቶ፣ ተምሮ መጨረስ ይጠበቅበታል። ከአባቶቻችን ስንቱ ሰባ ዓመት ኖሮ ሁለተኛው ላይ እንኳ ሳይደርስ አለፈ።

እኛ ሐበሾች ግን በዚህ ገበያ ባለጸጎች ነን። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግም ሂዱ አሌክሳንድሪያ፣ አባት ሌሊቱን የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ አድሮ ቀን ኡበር ይነዳል፤ እናት ደብል ሺፍት ትገባለች። ችግሩ ልጁ ነው። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ ከደረሰበት በደል ሁሉ የከፋው ዋይፋይ የጠፋበት ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ከወላጅ መበደር ግድ ይለዋል።

«አባዬ፣ ስትመጣ በረሃ አቋርጠሃል?»

«ኧረ የምን በረሃ! ዲቪ ደርሶኝ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት።»

«ሱዳን እንኳን አልቆየህም?»

«ፍራንክፈርት ትራንዚት ነበረኝ። አራት ሰዓት።»

ልጁ ማስታወሻውን ሊዘጋ ይልና ተስፋ አይቆርጥም። «ፍራንክፈርት ይበርድ ነበር?»

አባት ካልሆነ አያት አሉ። ለጥየቃ ከአዲስ አበባ የመጡት አያት ወንድማቸው በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። ይህን ነገር ለወለዷቸው ልጆች እንኳ ቁጭ ብለው አውርተው አያውቁም። ለልጅ ልጅ ትምህርት የሚጠቅም ከሆነ ግን ምን ይደረግ፤ ልጁ መቅጃውን ከፍቶ ስልኩን ጭናቸው አጠገብ ሲያስቀምጥላቸው ተናገሩ። ወንድማቸው የለበሰውን ሹራብ ቀለም ሳይቀር። ሲጨርሱ ነጠላቸውን አስተካክለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«የኔ ጌታ፣ ይሄን የሚያነቡት ሰዎች ዘመድ ናቸው?»

«አይ፣ እማማ፣ የኮሌጁ ሰዎች ናቸው።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ያወዳድሩታል።»

ከዚያ ድርሰቱ ወደ አማካሪው ሄደ። አማካሪ ማለት በሰዓት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር እየተከፈለው የልጁን የራሱን ድምፅ ፈልጎ የሚያገኝለት ባለሙያ ነው። አማካሪውም በጣም ተነካ፤ ጠርዙ ላይም እንዲህ የሚል አስተያየት አኖረ፦ ሹራቡ ግሩም ነው፣ መጀመሪያው መስመር ላይ ይምጣ፤ ግን አንተ የት አለህ? አያትህ ከሁለተኛው አንቀጽ በኋላ ይቀነሱ፤ የሮቦቲክስ ክለቡ ይግባ። ልጁ ታዛዥ ነውና አስገባው። ድርሰቱ ሲያልቅ ያ አርባ ምናምን ዓመት ስሙ በሹክሹክታ የተነሣ ወጣት፣ ቨርጂኒያ ለሚገኝ አንድ የሮቦቲክስ ክለብ መመሥረት ምክንያት ሆኖ ተገኘ። ነፍሱን ይማርና፣ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ ባያስብም፣ ቢያንስ በከንቱ አልቀረም።

የቤተሰብ ሐዘን በእጁ የሌለውም ቢሆን አይጨነቅ። የተዘጋጀ አለ። ምሳ ሰዓት ላይ የተከፈተ የሽሮ ሳህን፣ አፍንጫቸውን የያዙ ነጭ ጓደኞች፣ በእንጀራው ያፈረ ልጅ፣ በመጨረሻ ጀበና ሥር ቁጭ ብሎ ማንነቱን ሲያገኝ። እነዚያው ጓደኞች ዛሬ ቅዳሜ ማታ በየኢትዮጵያ ምግብ ቤቱ ተራ ይዘው ክትፎ የሚጠብቁ መሆናቸው ድርሰቱን ስለሚያበላሸው አይነሣ። የቅበላ ሠራተኞች ቡናችንን ሳይቀምሱ ጭሱን የጠገቡ ሰዎች ናቸው።

ቤት ውስጥ «እኔ፣ እኔ» ማለት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ደግሞ ሌላ ሥራ አለበት። «ከጓደኞቼ ጋር ሠራን» ብሎ ከጻፈ «ማነው የመራው?» ይባላል። እውነቱ ማንም አልመራም፤ ተሰብስበው ፒዛ እየበሉ ነው የሠሩት። እሱ ግን ይመራል።

ይህ ሁሉ ባሕርይን ለመመዘን ነው እንጂ ለሌላ እንዳይመስላችሁ። ባሕርይን መመዘን ነባር ወግ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሀርቫርድ ከገቡት አዳዲስ ተማሪዎች አንድ አምስተኛ ያህሉ የአይሁድ ልጆች ሲሆኑ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሎውረንስ ሎዌል እጅግ አሳሰባቸው። ፈተናውን በሚገባ ስለሚያልፉ በፈተና ማስቀረት አልተቻለም። በግልጽ ኮታ ይደረግ ቢሉ ተቃውሞ ተነሣ። ያኔ ነው ባሕርይ የሚባለው ነገር ድንገት እጅግ አስፈላጊ ሆኖ የተገኘው፤ ከማመልከቻው ጋርም ፎቶግራፍ ይያያዝ ተባለ። ባሕርይ ከአፍንጫ ላይ ይነበባል መሰለኝ።

ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር የለም። በ2023 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘርን ለይቶ መቀበልን ሲከለክል፣ ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያደረሰውን ነገር በድርሰቱ ቢጽፍ እንደማይከለከል አክለዋል። ጥቁር መሆን ብቻውን አይቆጠርም፤ ጥቁር ሆኖ የቆሰለ ወይም የተበረታታ ግን ቁስሉን ይዞ ይቅረብ። የዘር ሣጥኗ ላይ ምልክት ማድረግ አንድ ሴኮንድ ይፈጅ ነበር፤ አሁን አንድ ክረምት ይፈጃል።

ድርሰቱም ፍትሐዊ ነው፣ ድሃ ልጅ ታሪኩን በነጻ ይጽፋልና። ለነገሩ በ2021 እ.ኤ.አ. ሳይንስ አድቫንስስ ላይ የወጣ ጥናት ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የቀረቡ 60,000 ማመልከቻዎችን አገላብጦ፣ የድርሰቱ ይዘት ከቤተሰብ ገቢ ጋር ያለው ዝምድና ከኤስኤቲ ውጤት እንኳ የጠነከረ ሆኖ አግኝቶታል። ድሃው ስለ ድህነቱ ሲጽፍ እንኳ ሀብታሙ ይበልጠዋል። ሪክ ሲንገር የሚባለው ሰው ይህን ቀድሞ ሳይገባው አልቀረም፤ የባለጸጎችን ልጆች ባልነኩት ስፖርት ሻምፒዮን አድርጎ «የጎን በር» ብሎ በጠራው በኩል ሲያስገባ ከርሞ በ2019 ተጋለጠ፣ በ2023 የሦስት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት። እኔ እንደሚገባኝ ጥፋቱ ልብ ወለድ መጻፉ አይደለም፤ ከ650 ቃል ማለፉ ነው።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሀርቫርድ ይጠባል። ጨካኝ ነው፣ ክፉ ነው፣ ስንቱን ቤት በእንባ አራጨ፤ ነገር ግን ለአንዱም ልጅ አያትህ ምን ደረሰባቸው ብሎ አልጠየቀም። ኋላ ቀርነት ይሏል ይህ ነው።

የሮቦቲክሱ ልጅ መልሱን በማርች መጨረሻ ይሰማል። ታናሽ እህቱ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። አያት የነበራቸው ወንድም አንድ ነው፤ እሱም ለወንድሟ ወጥቷል፤ በአንድ ሟች ሁለት ልጅ ቢያመለክትበት ቅበላ ቢሮው ሊነቃ ይችላል። ስለዚህ አባትየው ሦስት ዓመት አለው። ከሥራ መባረርም ሊሆን ይችላል፣ ቀለል ያለ የልብ ሕመምም አይከፋም። ብቻ አሥራ አንደኛ ክፍልን ሳትጨርስ ይሁን፤ የመጽናናቱ አንቀጽ ጊዜ ይፈልጋል።