የሀርሺን ገበያ «ገብቷል» አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እንደ ሀርሺን ባለ የሶማሌ ክልል የቁም ከብት ገበያ ሻጭና ገዢ የግመሉን ዋጋ በልብስ ሥር ጣት ለጣት ተያይዘው ሲደራደሩ፣ አጠገባቸው የቆመው ሰው እንኳ ቁጥሩን እንዳያውቅ የሚጠነቀቁ ሆነው ሳለ፣ ክፍያው በስልክ ሲሆን ያው ጥንቁቅ ነጋዴ ስልኩን ለሱቅ ልጅ ሰጥቶ ሚስጥር ቁጥሩን ከመንገድ ማዶ በጩኸት የሚያስታውቅ በመሆኑ፤

በጅግጅጋ አካባቢ ሄሎካሽ የተባለው የስልክ ክፍያ ከተለመደ፣ ቴሌብርም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ «ልኬያለሁ» የሚለው ቃል እንደ ጥሬ ብር መቆጠር በመጀመሩ፤

የብሔራዊ ክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 ስለ ጩኸት ያለው ነገር ስለሌለ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ገብቷል» ማለት ሻጩ የራሱን ሂሳብ ከፍቶ ሲጨምር ያየው ገንዘብ ነው። በገዢው ስልክ ላይ የሚታየው ደረሰኝ ፎቶ ነው። የፎቶ ዋጋ ስንት እንደሆነ ፎቶ ቤት ይጠየቅ።

አንቀጽ 2። የጅግጅጋ ጅምላ ሻጭ «አካውንት ቀይሬያለሁ፣ በዚህኛው ላክ» የሚል መልእክት ልኳል ከተባለ፣ ባለሱቁ መልእክቱ በመጣበት ሳይሆን ከድሮ ጀምሮ በሚያውቀው ቁጥር ደውሎ ድምፁን ይሰማል። ከዚያም ከመላኩ በፊት ስልኩ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም ፊደል በፊደል ያነባል። ስኳሩ አልቆበት መቸኮሉ ይቅርታ አያሰጠውም፤ አጭበርባሪም የሚጠብቀው ይህችኑ ችኮላ ነው።

አንቀጽ 3። ከፍ ያለ ክፍያ አንዱ ያዘጋጃል፣ ሌላው ያጸድቃል። ባልና ሚስት የከፈቱት ሱቅ ቢሆንም እንኳ። የሱቅ ልጅ የሂሳቡን ሥራ ሁሉ ይችላል፤ ሚስጥር ቁጥሩን ግን አያውቅም።

አንቀጽ 4። «በስህተት ገብቶልሃል፣ መልስልኝ» ብሎ ለሚደውል ሰው ሂሳብ ሳይታይ ሳንቲም አይመለስም፤ ስህተቱ እውነት ከሆነም በባንኩ በኩል ይታረማል። በእውነት የገባውም ሲሳይ አይደለም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ሲዛባ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጥቶ ነበር፤ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ፎቶ ከነስማቸው ለጥፏል።

ይህ አዋጅ የዕለቱ ጫት ሀርሺን ከመድረሱ በፊት ይጸናል። ጫቱ ከደረሰ በኋላ አድማጭ አይገኝም።