ፓፍኮና ላስቲኩ

አንድ ማታ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ በማጉያ መነጽር አቀርቅሬ ያየችኝ ባለቤቴ «ምስር እየለቀምክ ከሆነ የነገውንም ጨምርበት» አለችኝ። የያዝኩት ምስር አልነበረም፤ የቤዝቦል ካርድ ነበር።

ሜሪላንድ ስኖር ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ቤዝቦል ዛሬም በቅጡ አልገባኝም። ካርዱ ግን ገባኝ፤ ደመወዜም ገባበት። ልክፍቴ የብሩክሊኑ የማስቲካ ፋብሪካ ቶፕስ እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣቸው 407 ካርዶች ናቸው። ከእነሱም ቁጥር 1 ላይ ያለው የዶጀርስ ቡድኑ ተጫዋች አንዲ ፓፍኮ።

ደህና ፓፍኮ ማግኘት መከራ ነው። የዚያን ዘመን ልጆች ካርዳቸውን በቁጥር ደርድረው በላስቲክ ያስሩት ነበር። ቁጥር 1 ሁልጊዜ ከላይ ነውና ላስቲኩ የሚነክሰው እሱን፣ ኪስ ውስጥ የሚታሸውም እሱ። አንደኛ መውጣትም መዘዝ አለው።

የእኔም ፓፍኮ ወገቡ ግራና ቀኝ ተነክሶ፣ ማዕዘኑ እንደ ድፎ ዳቦ ዞሮ ነበር። ከ1 እስከ 10 ደረጃ ለሚሰጥ ድርጅት ከፍዬ ላክሁት። በፕላስቲክ ታሽጎ 1 አግኝቶ መጣ። እኔ በሒሳብ እንኳ 1 ከ10 አምጥቼ አላውቅም!

ያኔ ነው «አፕግሬድ» የሚሉት በሽታ የያዘኝ። ያለህን ሸጠህ፣ ጨምረህ፣ ያንኑ ካርድ መልሰህ መግዛት ማለት ነው። ሰው መኪና ሲለውጥ ጎረቤት ያያል። ፓፍኮን በፓፍኮ ስትለውጥ ግን ያው ሰውዬ፣ ያው ቆብ ነው፤ ልዩነቱን የምታውቁት አንተና ማጉያ መነጽርህ ብቻ ናችሁ። አሮጌውን በርካሽ ሸጥኩና አራት እጥፍ ከፍዬ ወገቡ ያልተነከሰ ፓፍኮ ገዛሁ። ገና አልታሸገም።

በዚህ መሃል እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች።

የእነዚህ ካርዶች ዋጋ የተወደደው በሚጥሉ ሰዎች ምክንያት መሆኑን ልብ በሉ። የአሜሪካ እናቶች ልጆቻቸው ሲያድጉ ካርዱን ከቆሻሻ ጋር ጣሉት። ፋብሪካውም ቢሆን አልማረው፤ የካርዱ ንድፍ አውጪ ሳይ በርገር እንዳወራው፣ የ1952ቱን ትራፊ በ1960 በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ደፋው። ከተረፉት አንዱ፣ የተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ካርድ፣ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እናቴ ብሩክሊን ኖራ ቢሆን ኖሮ ማንትል ዛሬም በአምስት ሳንቲም በተገኘ ነበር። እሷ ምንም አትጥልም። ቤቷ ያለው የብስኩት ቆርቆሮ ብስኩት የያዘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ክርና መርፌ እንደያዘ አለ።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ልቤ ቀጥ አለ።

«እማዬ፣ እዚህ የነበሩት ካርዶች?»

«ምነው ደነገጥክ ልጄ? እኔ ደግሞ የሰው ዕቃ እጥላለሁ? እንዳይበታተኑብህ ሰብስቤ አኑሬልሃለሁ።»

እውነትም አኑራለች። ካርዶቹን በቁጥር ደርድራ፣ የቆስጣ ማሰሪያ ላስቲክ ሁለት ዙር አጥብቃ አስራ፣ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ከትታቸዋለች። ከላይ ማን አለ? ፓፍኮ! ላስቲኩን ስፈታው ወገቡ ግራና ቀኝ ተነክሷል። በርካሽ ሸጥኩት ካልኩት ካርድ ጋር መንታ ሆኗል፤ ልዩነቱ አራት እጥፍ መክፈሌ ነው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማዬ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ካርድ ልትሰበስቡ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ምክሬ አንዲት ናት፦ አስቀድማችሁ ቤት ያለውን ላስቲክ ሰብስቡ።